«ዕድሜዋ ነው» ብለው ሲመልሷችሁ፦ መጦሪያ ያለችውን አክስቴን ዓይኗን ያሳከምኩት እንዲህ ነው

ይሄን የምጽፈው ደብረ ብርሃን ይሁን ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ ይሁን ዓለም ከተማ፣ እናቱ ወይ አያቱ ወይ አክስቱ መጦሪያ ያለች ሰው እንዲያነበው ነው። እኔ ስጀምር «እዚች ጋ ይይዙሻል፣ ተዘጋጅተሽ ግቢ» ያለኝ ሰው ቢኖር ያን ሁሉ አልንከራተትም ነበር። ብሩ እንደምንም ይገኛል፣ ቀዶ ጥገናውም ሰው እንደሚፈራው ከባድ አይደለም፣ የሚይዙት ሪፈር ወረቀቷ ላይ ነው።

አክስቴ የመንዝ ሰው ናት፣ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ዕድሜዋን ሲጠይቋት «ጣሊያን ሲወጣ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ» ትላለች፣ ጣሊያን የወጣው በ1933 ነው፣ እንግዲህ ሰማንያ አምስት ገደማ ናት። ልጆቿን ቀብራለች። እኔ ደብረ ብርሃን አንድ ክፍል ተከራይቼ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው፣ ስለዚህ መጦሪያ ገባች፣ ዘመድ ብዙ አወራ፣ ካወራው ውስጥ ግን «እኔ ጋ ትኑር» ያለ አንድም የለም።

መጦሪያውን በምግብ አላማውም። ቅንጬው ትኩስ ነው፣ አልጋው ላይ ባና አለ፣ ለኛ አገር ብርድ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው፦ ከአልጋ ወደ አግዳሚ፣ ከአግዳሚ ወደ አልጋ፣ በቃ ቀኑ ያ ነው። ምንም ነገር እንዲነኩ አይፈቀድም፣ «ይረፉ» ነው የሚባለው። እዚያ ዝምታ ውስጥ ሆና ዓይኗ ቀስ በቀስ ሲሄድ ማንም ልብ አላለም። መጀመሪያ ምስር መልቀም ተወች፣ ቀጥሎ እንዝርቷን አስቀመጠች፣ ከዛ ሰውን በድምፁ መለየት ጀመረች፣ በመጨረሻ ሽንት ቤት ግድግዳ እየዳሰሰች ነበር የምትሄደው። ኃላፊውን ስጠይቀው «ዕድሜ ነው» አለኝ። ዘመዶቼ «ቆቧን ደፍታ ጸሎቷን ታድርስ» አሉኝ። እሷ ራሷ ደግሞ «አረጀሁ ልጄ፣ ምን ይደረጋል» አለችኝ፣ ከሁሉም ያናደደኝ የእሷ ነው፣ ምክንያቱም ይሄን ሰው ደጋግሞ ነግሯት ነው ያመነችው።

አንድ ቀን ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ዓይኗን ቀረብ ብዬ አየሁት። የብሌኑ ጥቁር መሀል ላይ እንደ ወተት ጠብታ ነጭ ነገር አለ። ማተቧ ላይ ደግሞ ወረንጦ አስራለች፣ ትራኮማ ሽፋሽፍቷን ወደ ውስጥ ስለቀለበሰው ራሷ በዳሰሳ ትነቅለዋለች፣ በዚያ በማያይ ዓይን! ገብቼ ሳነብ፣ በ1998 በተሠራው አገር አቀፍ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ለዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ ምክንያት የዓይን ሞራ መሆኑን አገኘሁ። ሞራ ደግሞ ይገፈፋል። እንግዲህ ለዓመታት «ዕድሜ» የተባለው ነገር ስም ያለው፣ መድኃኒት ያለው በሽታ ነው።

የጤና መድህን መታወቂያዋን አሳደስኩ፣ ባጃጅ ኮንትራት ያዝኩ፣ ጤና ጣቢያ ካርድ አወጣን። እስከዚህ ድረስ ማንም አይቸገርም።

ተራችን ደርሶ ስንገባ ባለሙያው ቀና ብሎ ያየው እኔን ነው። «ምን ሆና ነው?» አለኝ። እሷ እኮ አጠገቤ ተቀምጣለች። «ትሰማለች፣ እሷን ጠይቃት» አልኩት። «ማዘር፣ ምንሽን ነው?» አላት ወረቀት ላይ እያቀረቀረ። «ዓይኔ ጨለመብኝ፣ ብርሃኑን አያለሁ፣ ሰው ግን አልለይም» አለችው። ከዚህ የተሻለ መልስ ሐኪም ከማን ይጠብቃል? ብርሃን ታያለች ማለት ውስጡ ገና ይሠራል ማለት ነው፣ ዋናው መረጃ ይሄ ነበር፣ አልጻፈውም። ካርዷ ላይ ዕድሜዋን አየና «እንግዲህ ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ቴትራሳይክሊን ቅባት አዘዘላት። ከወንበሩ አልተነሳም፣ ባትሪ አላበራም፣ ዓይኗን ገለጥ አድርጎ እንኳን አላየም። ቅባት ሞራ አይገፍም!

«ሪፈር ጻፍልን» አልኩት። «በዚህ ዕድሜ ምን ልታይበት ነው? ሠርቶ የሚያበላ ስንት ወጣት አለ ወረፋ የሚጠብቅ» አለኝ። ይሄን ፊቷ ነው የሚለው። ዞር ብዬ ሳያት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፍታለች። ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አልጮህኩም፣ እናንተም አትጩሁ፣ ከጮሃችሁ ጥበቃ ይጠራል፣ ነገሩ የእናንተ ጠባይ ይሆናል። «እሺ፣ እንግዲያው ካርዷ ላይ ‹በዕድሜዋ ምክንያት ሪፈር ከልክያለሁ› ብለህ ጻፍና ፈርምበት» አልኩት። ያኔ ገና በደንብ አየኝ። አይጽፍም! ማንም አይጽፍም፣ በአፉ የሚናገረውን በፊርማው መድገም አይፈልግም። «ውጪ ጠብቁ» አለን።

ጠበቅን። ወሩ ኅዳር ነው፣ የደብረ ብርሃንን ውርጭ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ የኮሪደሩ አግዳሚ ብረት ነው። ምሳ ሰዓት ደረሰ፣ ከምሳ ተመለሱ፣ ኃላፊው ስልጠና ላይ ነው ተባለ፣ ማህተሙ ደግሞ እሱ ጋ ተቆልፎበታል፣ ሌላ ቀን ኑ። ሌላ ቀን ስንሄድ መንገድ ተዘግቶ ባለሙያ አልገባም፣ እሱን ማንንም አልወቅስም። ከዛ በኋላ ግን የባከነው ጊዜ ሁሉ በሰው ነው የባከነው። በየመሀሉ እሷ እጄን ይዛ «እንሂድ ልጄ፣ ሰው አናስቸግር» ትለኛለች። ዕድሜዋን ሙሉ ለሌላ ሰው ስትፈጭ፣ ስትጋግር፣ ስትፈትል የኖረች ሴት ናት «አናስቸግር» የምትለው፣ ይሄ ቃል እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፣ እነሱን ይቅር ልላቸውም አልቻልኩም።

ኃላፊው የተገኘ ቀን ሕገ መንግሥቱን ጠቀስኩለት፣ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ይረዳል የሚለውን። «አቅም በፈቀደ ነው እኮ የሚለው» አለኝ። «እኔ የጠየቅኩት አንድ ወረቀት ነው፣ ወረቀት ከአቅም በላይ ነው?» አልኩት። ዝም አለ፣ ከዛ «ዓይን የሠለጠነችውን ነርስ አይታት ይሆን?» ብሎ ጠየቀ። ልብ በሉ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ሁለት በር አልፎ፣ ዓይን የሠለጠነች ነርስ ነበረች! ማንም አልነገረንም።

ልጅቷ አክስቴን «እማማ፣ ይቀመጡ» ብላ አስቀመጠቻት። መጋረጃውን ዘጋች፣ አንዱን ዓይን በመዳፏ ሸፈነችና በሌላው ላይ ባትሪ ከላይ፣ ከታች፣ ከቀኝ፣ ከግራ እያበራች «ከየት ነው የመጣው?» ትላታለች። አክስቴ ጣቷን ቀስራ ሁሉንም አገኘች። «በጣም ጥሩ፣ የሁለቱም ዓይን ሞራ ነው፣ ተስፋ አለው» አለችና ሪፈሩን ጻፈች፣ ሽፋሽፍቷም እንዲታይ ጨምራ ጻፈችበት። ሁለት ደቂቃም አልፈጀ። ያን ሁሉ የተጉላላነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ፦ ጤና ጣቢያ ስትገቡ «ሐኪም» ብላችሁ ወረፋ አትያዙ፣ «ዓይን የሠለጠነ ባለሙያ አለ ወይ» ብላችሁ ጠይቁ። «ዕድሜ ነው» ካሏችሁ ደግሞ «የበሽታው ስም ምንድነው?» በሏቸው። እርጅና የምርመራ ውጤት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2022 ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ እርጅናን ሊያስገባ አስቦ በተቃውሞ ብዛት አውጥቶታል፣ ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ ከየት አምጥቶ ነው የሚጽፈው?

መጦሪያውም አልቀረልኝም። «አንድ ነገር ብትሆን ማን ይጠየቃል» ብለው አስፈረሙኝ፣ ፈረምኩ። «እሷ ስትታከም ሌሎቹም ይጠይቃሉ» አሉኝ። ይጠይቁ!

ቀዶ ጥገናው እዚሁ ደብረ ብርሃን ተሠራ። በመጀመሪያው ቀጠሮ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ መለሱን፣ የግፊት ኪኒኗን ጠዋት ሳትውጥ ስለወጣች ነው፣ እናንተ ሳታስውጡ ከቤት አትውጡ። በሁለተኛው ገባች፣ ዓይኗን ብቻ አደንዝዘው ሞራውን አውጥተው ሌንስ ተኩላት፣ እየሰማች እያወራች ነው የወጣችው። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያለችኝ «ከስተሻል፣ አትበይም እንዴ?» ነው። ቀጥላ እጇን አየችና «ይሄን ጥፍር ማነው እንዲህ የተወው?» አለች።

እንክብካቤው ላይ ሁለት ነገር ይፈትናችኋል፣ ሐኪም ቤት አይነግሯችሁም። ወቅቱ ጾመ ነቢያት ነበር፣ ጠብታው ጉሮሮዋ ላይ ሲመርራት «ጾሜን ያስፈታኛል» ብላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀበልም አለች። እኔ አልተከራከርኩም፣ የነፍስ አባቷን ይዤ መጣሁ፣ እሳቸው «መድኃኒት ነው፣ ይቀበሉ» አሏት፣ አለቀ። ሌላው ስግደት ነው። ማጎንበስ፣ ከባድ ማንሳት፣ ዓይን ማሸት ክልክል ነው፣ እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ትሰግዳለች። እሱንም እሳቸው ናቸው ቆማ እንድትጸልይ ያደረጉልኝ። የኩበት ጭስ ያለበት ማድ ቤትም እንዳትገባ ጠብቋት።

ከዛ በኋላ የሆነውን ስነግራችሁ ደስ እያለኝ ነው። ማየት ስትጀምር መናገር ጀመረች። የግድግዳውን እድፍ አየች፣ አንሶላው መቼ እንደተቀየረ ጠየቀች፣ ሾርባው ቀጥኗል አለች። ኃላፊው «ዓይኗ ከበራ ወዲህ አስቸጋሪ ሆነች» ብሎ ስሞታ ነገረኝ። እኔ ኮራሁባት! እንዝርቷን አመጣሁላት፣ አትነካም አሉ፣ ትነካለች አልኩ፣ አሁን ሌሎች ሁለት እናቶችም አብረዋት ይፈትላሉ፣ ምስሩንም እነሱ ናቸው የሚለቅሙት። «አረጋውያን ማረፍ አለባቸው» የሚለውን ነገር እኔ አልቀበልም። የደከመው ይረፍ፣ መሥራት የሚፈልገውን ማስቀመጥ ግን ማሳረፍ አይደለም፣ በቁም መቅበር ነው።

ሌሎቹም እንደተባለው ጠየቁ። ጃጅተዋል የተባሉ አንድ አባት ነበሩ፣ ሲያናግሯቸው የማይገናኝ ነገር ይመልሳሉ፣ ሰው ይስቅባቸዋል። ያችው ነርስ ስታያቸው ሁለቱም ጆሮ በኩክ ተደፍኗል። ለቀናት ጠብታ ተደርጎ ታጠበላቸው፣ አሁን ሬዲዮ ይሰማሉ፣ ዜናውን ለሌላው የሚያስረዱት እሳቸው ናቸው። በፈረንጆቹ 2024 ላንሴት ላይ የወጣው የመርሳት በሽታ ሪፖርት ሳይታከም የቀረ የመስማትና የማየት ችግር ራሱ ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጥ ነገር ነው ይላል። እኛ ጋ ግን ያልሰማውን ሰው «ጃጀ» ብለን እንተወዋለን።

የዓለም አረጋውያን ቀን መስከረም 21 አካባቢ ነው፣ ከግሸን ማርያም ጋር ይገጥማል። እንግዶች ይመጣሉ፣ ሳሙና ይሰጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ንግግር ያደርጋሉ። አረጋውያኑን ግን «ምን ይጎድላችኋል?» ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም። ሳሙና ይዛችሁ የምትሄዱ ሰዎች እባካችሁ አንድ የዓይን ነርስ ይዛችሁ ሂዱ።

«ሞራው ይብሰል» ወይም «ዘመቻ ሲመጣ ይሠራላታል» ቢሏችሁ አትጠብቁ። ዘመቻ መምጣቱ ጥሩ ነው፣ ነጻም ነው፣ ግን ሞራ እስኪበስል መጠበቅ የድሮ ነገር ነው፣ ከበሰለ በኋላ ሲቆይ የዓይን ግፊት ሊያመጣ ይችላል፣ ቀዶ ጥገናውም ይከብዳል። ሐኪም ጋ ስትገቡ ደግሞ «አስታማሚ ይናገር» ቢሉም እናንተ አትናገሩ፣ እሷ ትናገር፣ እናንተ የምትጨምሩት እሷ ስትጨርስ ነው።

ሁለተኛው ዓይኗ ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ ነው፣ እኔ ነኝ ሆን ብዬ ያስገፋሁት፣ በሰሙነ ሕማማት ስግደት እንደማትተው አውቃለሁ። እስከዛ ሪፈሩን፣ የመድህን መታወቂያውን እና የመጀመሪያውን ቀዶ ጥገና ወረቀት ኮፒ አድርጌ አንዱን እኔ ጋ፣ አንዱን እሷ ጋ አስቀምጫለሁ፣ ስልኬም ላይ ፎቶ አለ፣ ምክንያቱም ካርድ ክፍል «ፋይሉ ጠፋ» የሚሏችሁ ቀን መምጣቱ አይቀርም።