በሁዳዴ ቬትናም

ርካሽ ትኬት ጾም አይመርጥም። የእኛም የተገኘው በሁዳዴ ነበር። ጓደኛዬ አትጾምም፣ እኔ እጾማለሁ። ስለዚህ ቬትናምን ከሰሜን እስከ ደቡብ ስናቋርጥ እሷ አንዱን አገር በላች፣ እኔ ሌላውን።

ሃኖይ ከባድ ነበረች። በአሮጌው ሰፈር ጠባብ መንገዶች ላይ ተመጋቢው የሚቀመጠው ከመሬት እምብዛም ከፍ በማይል የፕላስቲክ በርጩማ ነው፤ ሞተር ሳይክሉ ጀርባውን ታክኮ ያልፋል። ጠዋት ከየደጃፉ የፎ ሽታ ይወጣል። ፎ የሩዝ ኑድል በሥጋ መረቅ ነው፤ ጉዱ ያለው መረቁ ላይ ነው። የበሬ አጥንት ለሰዓታት ይንተከተካል፤ በእሳት የተለበለበ ዝንጅብልና ሽንኩርት፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ የኮረሪማ ዘመድ የሆነ ትልቅ ጥቁር ሄል ይገባበታል። ጓደኛዬ ሎሚ እየጨመቀች፣ ቃሪያ እየበተነች ፉት ስትል እኔ ስድስት ሰዓት እስኪሞላ ሰዓቴን አያለሁ። ሽታው ብቻውን ጾም ያስገድፋል።

በከሰል የሚጠበሰውን ቡን ቻ ግን ሁለታችንም አለፍነው። ኦባማ እ.ኤ.አ. በ2016 ሃኖይ ሲመጡ የበሉት ምግብ ነው፤ የአሳማ ሥጋ ነው።

የእኔ ምሳ በቲማቲም የተሠራ ቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ አይብ መሰል ምግብ)፣ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ቅጠልና ሩዝ ሆነ። ቅጠሉ ጎመን ለለመደ ሰው ወዲያው ይስማማል። ችግሩ የዓሣው ፈሳሽ ነው። ትንንሽ ዓሣ በጨው ታሽቶ ለወራት ከተብላላ በኋላ የሚጠለል ቡናማ ማጣፈጫ አላቸው፤ ቅጠል ብቻ የሚመስል ምግብ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳውም፤ እኔ አልበላም። መፍትሔው "ቻይ" የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቤት መፈለግ ነው። የቡድሃ አማኞች የጾም ምግብ የሚሸጥበት ቤት ማለት ነው፤ በዓሣው ፈንታ የአኩሪ አተር ሶስ ይጠቀማሉ። ወተትና እንቁላል የማይተዉም ስላሉ መጠየቅ አይከፋም።

ከሃኖይ ወደ ሁዌ በሌሊት ባቡር ወረድን። ሃዲዱ በደቡብ እስካለችው ሳይጎን (ሆ ቺ ሚን ከተማ) 1,726 ኪሎ ሜትር ነው። አልጋው ጠባብ፣ ጎረቤቶቻችን ጨዋታ ወዳድ፣ እንቅልፉ ትንሽ።

ሁዌ እ.ኤ.አ. ከ1802 እስከ 1945 የንጉየን ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ቅጥር ግቢው ሰፊ ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔን የገዛኝ ግን ሌላ ነው። የደረስነው ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ዕለት ነበር። በጨረቃ አቆጣጠራቸው በወሩ መጀመሪያና በ15ኛው ቀን ብዙ ሰው ሥጋ አይበላም። ሁዌ ደግሞ ገዳማት የበዙባት ከተማ ናት። በሌላ ቀን የበሬ ሥጋ ኑድል የሚሸጡ ሴትዮዎች ሳይቀሩ ያን ቀን የጾም ድስት ጥደዋል። ሰልፍ አለ፣ ግፊያ አለ። እኛ አገር ዓርብ ምሳ ሰዓት በያይነቱ ቤት እንደመግባት ነው።

እዚያ የበላሁትን እስካሁን አልረሳሁም። ጃክፍሩት የሚባል ትልቅ ፍራፍሬ ሳይበስል ተቀቅሎ፣ ተተልትሎ፣ በሰሊጥና በለውዝ ተለውሶ በሩዝ ቂጣ እየተቆረሰ ይበላል። እንጉዳይ በቁንዶ በርበሬ አለ፣ የሎተስ ፍሬ ያለበት ሩዝ አለ። ጥብቅ በሆኑት ገዳማት ምግብ ውስጥ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም አይገባም። ሽንኩርት ሳይቁላላ ወጥ ይሠራል ብላችሁ እናቴን ለማሳመን ሞክሩ! ግን ይጣፍጣል። ጓደኛዬም ያን ቀን ሳትወድ በግድ ጾመች፤ ሁለተኛ ሳህን ስታዝ አይቻለሁ።

ከሁዌ እስከ ዳናንግ ባቡሩ የሃይ ቫንን ተራራ እየታከከ ከባሕሩ በላይ ይሄዳል። በመስኮት በኩል ቦታ ያዙ፣ ሌላ ምክር የለኝም። ቀጣይዋ ከተማ ሆይ አን ቆንጆ ናት፣ ፋኖሷም ያምራል፤ ቱሪስቱ በዝቶብኝ ቶሎ ወጣሁ።

ቡናቸውን ሳላነሳ ባልፍ የአገሬ ሰው ይታዘበኛል። ቡናን እ.ኤ.አ. በ1857 የፈረንሳይ ሚሲዮናውያን አስገቡት፤ ዛሬ ቬትናም በምርት ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛ ናት። አብዛኛው ሮቡስታ የሚባለው የቡና ዓይነት ነው፤ የእኛው አረቢካ ነው። በትንሽ የብረት ማጥለያ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል፣ በጣም ይጠቁራል፣ ከዚያ በረዶ ላይ ይገለበጣል። ጣፋጭ የታሸገ ወተት ስለማልጨምር ምሬቱን ያለ ምንም ሽፋን ጠጣሁት። የእኛን ሽታ የለውም፤ ይህን ስል አላዳላሁም፣ እሺ ትንሽ አዳልቻለሁ። ካፌይኑ ግን ከአረቢካ እጥፍ ገደማ ነው፤ ማታ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቼ ሌሊቱን የሳይጎንን ሞተር ሳይክል ስሰማ አደርኩ።

ሳይጎን ውስጥ የገባንበት የጾም ቤት ዓሣ አቀረበልን። የዓሣ ቅርጽ ያለው ቶፉ ማለቴ ነው፣ ከነጅራቱ፤ ቆዳው ሳይቀር ከአኩሪ አተር ወተት ስልባቦት የተሠራ። ተናደድኩ። "ከጾምኩ ጾምኩ ነው፣ ዓሣ የሚመስለው ለምንድን ነው?" አልኩ።

ጓደኛዬ ቀና ሳትል "የጾም ዱለት ሲመጣ መጀመሪያ የምትጎርሰው ማን ነበረች?" አለችኝ።

ጅራቱን ቆረስኩ። የሎሚ ሣርና ቃሪያ አለበት፤ ሩዝ ጨምሩልኝ አልኩ።