ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሥር የተንጠለጠለ ሞተር

ፓሪስ ውስጥ «አር ዜ ሜቲዬ» ወደሚባለው ሙዚየም የሄድኩት በሜትሮ ነው፤ 3ኛውም 11ኛውም መስመር ደጃፉ ድረስ ያደርሳሉ። ሰኞ ዝግ ነው። ጉብኝቱ የሚያልቀው በጥንቱ የቅዱስ ማርቲን ገዳም ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ፈረንሳዊው አብራሪ ሉዊ ብሌሪዮ እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 1909 በ37 ደቂቃ ገደማ ባሕሩን ከፈረንሳይዋ ካሌ ወደ እንግሊዟ ዶቨር የተሻገረባት አውሮፕላን እዚያ ተንጠልጥላለች። ጎብኚው ክንፏን ያያል፤ እኔን የሳበኝ አፍንጫዋ ነው።

መጀመሪያ የተገጠመላት ባለ 7 ሲሊንደር ሞተር ይግል ስለነበር አሌሳንድሮ አንዛኒ በሠራው ሞተር ተተካ፦ ሦስት ሲሊንደር፣ 25 የፈረስ ጉልበት፣ 65 ኪሎ ገደማ። ነፋስ ስለሚያቀዘቅዘው ራዲያተርም ውኃም አይሸከምም። ሲሊንደሮቹ ዙሪያውን አልተበተኑም፤ እንደ ተዘረጋ ጣት ሦስቱም ወደ ላይ ናቸው። ወደ ታች የዞረ ሲሊንደር ዘይት ይጠራቀምበትና ካንዴላውን ያበላሻል። ግን ይህ አደራደር ዋጋ ያስከፍላል፤ ፍንዳታዎቹ በእኩል ርቀት ስለማይመጡ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። (ካንዴላ፣ ሞላ፣ ቢዬላ የምንላቸው ቃላት የጣሊያን ናቸው፤ አሌሳንድሮ አንዛኒም የሚላኖ ሰው ነበር።)

የቤንዚንና የአየር ድብልቅ የሚገባበትን ቫልቭ የሚከፍት ካም (እየዞረ ቫልቭ የሚገፋ ጉብታ) የለም። ፒስተኑ ሲወርድ የሚፈጥረው መሳብ ይከፍተዋል፣ ቀጭን ሞላ ይዘጋዋል። ሞላው ከጠነከረ ሲሊንደሩ በቂ ድብልቅ አይስብም፤ ከላላ ደግሞ ሞተሩ ሲፈጥን ዘግይቶ ይዘጋና ድብልቁ ወደ ካርቡሬተር ይመለሳል። ፍጥነቱን የሚገድበው አንዱ ነገር ይኸው ነው። ካም ያለው የጭስ ማውጫው ቫልቭ ብቻ ነው።

ብልሃቱ ያለው ሲሊንደሩ ግርጌ ላይ ነው። እዚያ ቀዳዳዎች ተበስተዋል፤ ፒስተኑ እስከ ታች ሲወርድ ይገለጡና የጋለው ጭስ ከፊሉ በእነሱ ይወጣል። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ከመቃጠል ይተርፋል፤ ዘይቱ ግን አብሮ ይረጫል፣ አብራሪውም ፊቱ ይቀባል። ዘይቱ የጉሎ ነው፣ ተመልሶ አይዞርም፤ ያልተቃጠለው በነፋስ ይሄዳል። ስለዚህ እንደ ቤንዚኑ ሁሉ የዘይቱንም መጠን ማስላት ግድ ነበር።

አንዛኒ ቆይቶ ሦስቱን ሲሊንደሮች በ120 ዲግሪ ዙሪያውን አቆማቸው። በአራት ምት ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር አንዴ የሚፈነዳው ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ሁለቴ ሲዞር ነው፤ በዚህ 720 ዲግሪ ውስጥ አንዱን እየዘለሉ ማቀጣጠል በየ240 ዲግሪው እኩል ፍንዳታ ይሰጣል። በአንድ ረድፍ 4 ወይም 6 ቢሆኑ እየዘለሉ ሁሉንም ማዳረስ አይቻልም፤ ስለዚህ አንዛኒ 6 ሲሊንደር ሲፈልግ ሦስት ሦስቱን በሁለት ረድፍ ደረደረ።

ሞተሩን ለማየት ከወለሉ ይልቅ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ካለው የብረት መወጣጫ መቆም ይሻላል፤ ከታች የሚታየው ጎማው ነው።