ክኒኑን በምንድን ነው የምትውጪው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እመቤቴ ከሰማችኝ እመሰክራለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ስለቴ ከደረሰ ቆይቷል፣ የምጽፈው ግን ዛሬ ነው። ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት እናት ለምን እንደዘገየሁ ይገባታል።

የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ውሃ በሳምንት አንዴ ከመጣ እግዚአብሔር ይመስገን ነው፣ ሲጠፋ ጀሪካን ከታች ወደ ላይ ማመላለስ ነው። 2015 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ 5 ወር ሆኖኝ ነበር። ደረጃውን ስወጣ 2ኛው ፎቅ ላይ ቁጭ እላለሁ። ጎረቤቶቼ «እርግዝና ነው፣ ያልፋል» ይሉኛል፣ እኔም አመንኳቸው። ልቤ ግን ተኝቼም ይደልቃል፣ ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኛል። አንድ ቀን ጎሮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ዓይኔ ጭልም አለብኝ። ስነቃ የአንድ ሊስትሮ ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፣ ልጁ ካርቶን ይዞ ያራግብልኛል። እግዚአብሔር ይባርከው።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ክትትል የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፣ ይሄ የራሴ ጥፋት ነው። የደም ማነስ የሚለካበት ሄሞግሎቢን የሚሉት 8.1 ሆኖ ተገኘ። ለነፍሰ ጡር ከ11 ሲያንስ ደም ማነስ ይባላል አሉኝ። አይረን (ብረት ማዕድን) እና ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚን አንድ ላይ ያለበትን ክኒን በነጻ ሰጡኝ፣ አንዱ ፍሬ 60 ሚሊግራም አይረን አለው፣ እኔ ደሜ ስለወረደ በቀን 2 ዋጪ ተባልኩ። ሰልፉ እስከ በር ድረስ ነበር። ሲስተሯም ደክሟታል፣ እኔም አልጠየቅኩም።

እንግዲህ ጉዱ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ክኒኑን በዋጥኩ በ3ኛው ቀን ሰገራዬ እንደ ከሰል ጠቆረ። ውስጤ እየደማ ነው ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ አደርኩ። (አይረን ሰገራ ያጠቁራል፣ ምንም ማለት አይደለም፣ ግን ያኔ ማን ነግሮኝ።) ቀጥሎ ድርቀት መጣ፣ ስለሱ ባላወራ ይሻላል። አፌ ሳንቲም የላስኩ ይመስል ብረት ብረት ይላል። ያቅለሸልሸኛል። አንድ ቀን ዘለልኩ፣ ከዚያ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ደስ ሲለኝ ብቻ። ክኒኑን ብፌው ጀርባ እደብቀው ነበር። ባለቤቴ «ዋጥሽ?» ሲለኝ «አዎ» እላለሁ። በዋጥኩ ቀን ደግሞ የምውጠው በቡና ነው። ለምን ብትሉኝ የብረት ጣዕሙን የሚገድልልኝ ቡና ብቻ ስለነበረ። ጠዋት አቦሉን ስቀዳ አብሬ ጎርሼ ዋጥ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር እኮ።

ሌላም ሚስጥር ነበረኝ። አፈር ያምረኝ ነበር። ክረምት ነው፣ ዝናብ ሲዘንብ ከብሎካችን ጀርባ ካለው ያልተገነባ ሜዳ የሚመጣው የእርጥብ አፈር ሽታ ምራቄን ያዝረበርበኛል። ነጠላዬን ተከናንቤ ወርጄ ጠጠር የምታክል ጓል አፈር አንስቼ እመጥ ነበር። የተማርኩ ሰው ነኝ! ለማንም አልተናገርኩም፣ ለነፍስ አባቴም ጭምር።

ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ ተያዘ። የእመቤቴን ጾም ከልጅነቴ ጀምሮ ሽሬው አላውቅም። አባ ቤት መጥተው ጠበል ሲረጩ ሁኔታዬን አዩና «ለጊዜው አትጾሚም» አሉኝ። ተከራከርኳቸው። በመድኃኒት ሳይሆን በእምነት ነው የምድነው አልኳቸው። አልተቆጡኝም፣ ሳቅ አሉና ሲራክ ምዕራፍ 38ን ጠቀሱልኝ፣ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር ፈጠረ የሚለውን። ከምድር ሲሉኝ እኔ ያሰብኩት አፈሬን ነው፣ ይቅር ይበለኝ። እሺ ብዬ ሸኘኋቸውና ተደብቄ ጾምኩ።

ከፍልሰታ በኋላ ተመልሼ ስመረመር 7.8። ጨምሮ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ወርዷል! ከ7 በታች ከገባ ወደ ሆስፒታል እንልክሻለን፣ ደም ሊሰጥሽ ይችላል፣ እንዲህ ሆነሽ ስትወልጂ ብትደሚ አደጋ ነው አሉኝ። «ክኒኑን እየዋጥሽ ነው?» «አዎ።» ይኸው ውሸት።

ያን ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር። ባለቤቴ ተኝቷል። ጧፍ አብርቼ ሥዕሏ ፊት ቆምኩ፣ መቆም ሲያቅተኝ ተንበረከክሁ። ውዳሴዋን ለመድገም ሞከርኩ፣ አልወጣልኝም። ያልኩት ይሄን ብቻ ነው፦ «እመቤቴ፣ ውሸቴን ታውቂዋለሽ። ደሜን መልሽልኝ። ልጄን ሳልስም አትውሰጂኝ። ያጠፋሁት ካለ አሳይኝ።» አንድ እሽግ ጧፍና ዕጣን አመጣለሁ፣ በሰውም ፊት እመሰክራለሁ ብዬ ተሳልኩ።

በ21፣ የእመቤቴ ዕለት፣ እሑድ ነበር፣ እየተጎተትኩ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቅዳሴው ሳያልቅ ደከመኝና ወጥቼ ዛፍ ስር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ አንዲት አዛውንት ተቀምጠዋል። ትኩር ብለው አዩኝና ሳያስፈቅዱ የዓይኔን የታች ቆብ በአውራ ጣታቸው ጎተት አደረጉት።

«ልጄ፣ ነጭ ነው እኮ! ደም የለሽም። ክኒን አልሰጡሽም?»

«ሰጥተውኛል እማማ።»

«በምንድን ነው የምትውጪው?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይሄንን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሁሉም ዋጥሽ ወይ ነው የሚለው። «በቡና» አልኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «በቡና! ታዲያ ቡናው በላብሽ እንጂ!»

እማማ ሐኪም አይደሉም። 20 ዓመት ሙሉ የእናቶች ክፍል በጽዳት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሲስተሮቹ ለእናቶች በየቀኑ የሚሉትን እየጠረጉ ሰምተው ሰምተው በቃላቸው ይዘውታል። ቡናና ሻይ አይረኑን ይዞት ሰውነት ውስጥ እንዳይገባ ያደርገዋል፣ ወተትም እንደዚሁ፣ ቡና ካማረሽ ቢያንስ 1 ሰዓት ከቻልሽ 2 ሰዓት አርቂው አሉኝ። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም ደግሞ ይረዳዋል። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አፈርስ?» አሉኝ። አለቀስኩ። ሰው ፊት ሆ ብዬ አለቀስኩ። «አይዞሽ፣ ደም ሲያንስ እንደዚያ ያደርጋል፣ ስንቷን አይቻለሁ፣ ግን ትል ይኖረዋል፣ ሄደሽ ንገሪያቸው።»

ከዚያ በጀሪካን የቀዱትን ጠበል በብርጭቆ ሰጡኝና «ጠበሉን በባዶ ሆድሽ አይደል የምትጠጪው? ክኒኑንም በሱ ዋጪው» አሉኝ። ሳቄ መጣ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ሲስተሯ አልተቆጣችኝም፣ እንዲያውም «እውነቱን ስለነገርሽኝ ነው የምረዳሽ» አለችኝ። የሰገራ ምርመራ ታዞልኝ የትል መድኃኒት ወሰድኩ። ድርቀቱን ስነግራት ውሃ አብዢ፣ አትክልት ብይ አለችኝ፣ እናቴ ደግሞ በስልክ ተልባ ጨመረችበት። እናቴ ቀይ ስርም አዝዛ ነበር፣ ቀለሙ ደም ስለሚመስል ይሆናል እንጂ ያን ያህል አይረን የለውም አሉ፣ ለማንኛውም በላሁላት።

ጠዋት አንዱን በጠበል፣ ማታ ሁለተኛውን ምስር ወጥ ላይ ሎሚ ጨምቄ ከበላሁ በኋላ። ሩብ ኪሎ ስጋም ባለቤቴ በቻለ ጊዜ ያመጣልኛል። ቀላል ነበር አልልም። የሚያቅለሸልሸኝ ቀን ነበር፣ የጎረቤት ቡና ሽታ በደረጃው ሽቅብ ሲመጣ ሞት ነው። ጥቅምት አጋማሽ ላይ 9.6። ኅዳር መጀመሪያ 10.7። ወረቀቱን ይዤ ጤና ጣቢያው በር ላይ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አፈሩም ጠፋ፣ መቼ እንደተወኝ እንኳን አላስታውስም። አንድ ቀን ዘነበ፣ ሸተተኝ፣ ምንም አልመሰለኝም።

ሰው ሁሉ ለኅዳር ጽዮን ትወልጃለሽ ይለኝ ነበር። አልወለድኩም። በ27 ነው የወለድኩት፣ የመድኃኔዓለም ዕለት፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ሴት። ደስታዬን ሳልጨርስ ግን የፈራሁት መጣ። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ደሙ አልቆም አለ። የሰዎቹ ፊት ሲለወጥ አየሁ። አንዷ መርፌ ትወጋኛለች፣ አንዷ ሆዴን በኃይል ታሻለች፣ አንዷ ጉልኮስ ትሰካለች። ልጄ ደረቴ ላይ ነበረች። እኔ የምለው «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ብቻ ነው። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፣ ቆመ። ሲነጋ አዋላጇ ካርዴን ስታገላብጥ 7.8 የሚለውን አየችና ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «በዚህ ደምሽ መጥተሽ ቢሆን ኖሮ...» አለችና አልጨረሰችውም። እኔም እንድትጨርሰው አልፈለግኩም።

ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው። ቆጥረን ስናየው የካቲት 16 ላይ ዋለ፣ ኪዳነ ምሕረት! እኔ አይደለሁም የመረጥኩት። ጧፉንና ዕጣኑን ያን ቀን አስገባሁ። የክርስትና እናቷ እማማ ናቸው፣ ሌላ ማን ሊሆን።

ቤት ተመልሰን ዳቦ ተቆረሰ፣ ቡና ተፈላ። 4ኛ ፎቅ ድረስ ደረጃውን በምርኩዛቸው የወጡት እማማ ልጄን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከወለድኩ በኋላም 3 ወር ቀጥይ ስለተባልኩ ክኒኔን አልጨረስኩም። ጎረቤቴ አቦሉን ቀድታ ሲኒውን ስትዘረጋልኝ እማማ ከልጄ ላይ ቀና አሉና፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ «ስንት ሰዓት ላይ ነው የዋጥሽው?» አሉኝ።