«ሰባትን መልሱልኝ»

እኛ አይቲ ክፍል ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። ሰው አዲስ ላፕቶፕ ይሰጠዋል። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ይሞክረዋል። ከዚያ በራችን ላይ ይቆምና «የድሮውን ዊንዶውስ ጫኑልኝ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ልማድ ነው። የስታርት ምልክት ከግራ ጥግ ወደ መሀል ስለሄደ ብቻ ከዊንዶውስ 11 ጋር የተኳረፈ ሰው አውቃለሁ። ሴቲንግ ገብተን ወደ ግራ ስንመልስለት መርቆን ሄደ።

የእትዬ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። እትዬ የጽሕፈት ክፍላችን አንጋፋ ናቸው፤ በታይፕራይተር ጀምረው እዚህ የደረሱ። ለዓመታት የሠሩበት ዴስክቶፕ ዊንዶውስ 7 ነበር። ማይክሮሶፍት ለዚህ ዊንዶውስ መደበኛውን የደህንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ኮምፒውተሩ ግን ይህንን አልሰማም። ፍላሽ በተሰካበት ቁጥር ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ተሸክሞ መሥራቱን ቀጠለ። በመጨረሻ ተነሣና በምትኩ ዊንዶውስ 11 ያለው አዲስ ላፕቶፕ ተሰጣቸው።

ብዙም ሳይቆይ ከኃላፊያችን ትእዛዝ መጣ። «የእትዬን ማሽን ወደ ሰባት መልሱት። ደብዳቤ ማውጣት አልተቻለም።» ሌላ ማብራሪያ የለውም። እትዬም ላፕቶፑን ይዘው ሲመጡ ያሉት ያንኑ ነው፦ «ልጆቼ፣ ሰባትን መልሱልኝ። ይሄ አማርኛ አያውቅም።»

ሥራውን የወሰደው በቅርቡ የተቀጠረ ልጅ ነው። እጁ ፈጣን ነው፤ የዊንዶውስ 7 ፍላሽም ከቦርሳው አይጠፋም። ማሽኑ ያልታወቀ ሲስተም እንዳያስነሣ የሚከለክለውን ሲኪዩር ቡትን አጠፋ፣ ፍላሹን ሰካ፣ አስነሣ። የዊንዶውስ 7 አርማ መጣና እዚያው ደረቀ። ደግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። ፍላሹን እንደገና አዘጋጀ፤ ያው ነው።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ዊንዶውስ 7 ሲነሣ ስክሪኑን የሚያገኘው በድሮው ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ በሚሠራው ፕሮግራም፣ አሠራር በኩል ነው። ለተወሰነ ጊዜ አዳዲስ ማሽኖች ያንን አሠራር የሚያስመስል ሲኤስኤም የሚባል ነገር አብሯቸው ይመጣ ነበር። ቺፕ ሠሪው ኢንቴል በ2017 እ.ኤ.አ. ይህን ነገር እስከ 2020 ከማሽኖች ለማስወጣት ማቀዱን ተናግሯል። ዛሬ ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ የለም። ያንን አልፈን ብንሄድ እንኳ ዊንዶውስ 7 የወጣው ጥቅምት 2002 ዓ.ም. ነው። የዛሬዎቹን ኤንቪኤምኢ ዲስኮች በራሱ አያውቃቸውም፤ ስለዚህ የሚጫንበትን ዲስክ አያገኝም። የዩኤስቢ 3 ድራይቨርም (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) የለውም፤ ማውሱ በድን ሆኖ ይቀራል። እነዚህን ሁሉ ከውጭ እያመጡ መቀጣጠል ይቻላል ይባላል። ለአንድ የደብዳቤ ማሽን ያንን ሁሉ መድከም ግን ለእኔ እብደት ነው።

ልጁ ተስፋ ቆርጦ ፍላሹን ነቀለና ላፕቶፑን አስነሣ። ዊንዶውስ 11 አልመጣም። የመጣው ሰማያዊ ስክሪን ሆኖ ባለ 48 አሃዝ የቢትሎከር፣ ማለትም የዲስክ መቆለፊያውን፣ ቁልፍ ይጠይቃል።

ክፍሉ ጸጥ አለ። አሁን የሚሸጡ ብዙ ላፕቶፖች መጀመሪያ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ዲስካቸውን በራሳቸው ይቆልፋሉ። ቁልፉ የሚቀመጠው እዚያው አካውንት ውስጥ ነው። የማን አካውንት? ከካርቶን አውጥቶ የከፈተው የግዢ ክፍል ባልደረባችን ነው። እሱ ደግሞ መስክ ወጥቷል፤ ስልኩ አይሠራም። እትዬ ስክሪኑ ሰማያዊ መሆኑን አይተው «የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው እኮ፤ ምን አደረጋችሁት?» አሉ።

ያን ጊዜ ነው ከወንበሬ የተነሣሁት። ልጁን «ምን ምን ነካህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሲኪዩር ቡትን ብቻ ነው። «እንደነበረ መልሰው» አልኩት። መለሰው፤ ዊንዶውስም ያለ ምንም ጥያቄ ገባ። ቁልፉን የሚጠብቀው ቺፕ ማሽኑ ሲነሣ ያለበትን ሁኔታ ያያል። ሲቆለፍ ከነበረው ከተለየ ቁልፉን አይሰጥም፤ ወደ ቦታው ሲመለስ ይሰጣል። የግዢው ባልደረባችን ከመስክ ሲመለስ ቁልፉን ከአካውንቱ አውጥተን ወረቀት ላይ አተምነው። አሁን በክፍላችን ቁልፉ በእጅ ሳይገባ ባዮስ መንካት ክልክል ነው።

ልጁ ግን ገና አልበረደም። «እንግዲያው አሥርን እንጫንላቸው» አለ። አሥር ይጫናል፤ ላፕቶፑም ይቀበለዋል። ነገር ግን የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማሽኑን ወዳለቀ ነገር ከማውረዳችን በፊት ችግሩን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። እስካሁን ማናችንም አላየነውም ነበር። «እትዬ፣ ያስቸገርዎትን ደብዳቤ እስቲ አትመው ያሳዩኝ» አልኳቸው።

አተሙት። የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። ጽሑፉ የመጀመሪያውን ገጽ ሞልቶ ተርፎ፣ የኃላፊው ስም፣ የፊርማው መስመርና የማኅተሙ ቦታ ብቻቸውን ሁለተኛው ገጽ ላይ ተቀምጠዋል። ኃላፊያችን ደብዳቤ አይወጣም ያሉት ለካ ለዚህ ነው። ከላዩ ባዶ የሆነ ወረቀት ላይ ፊርማና ማኅተም ማሳረፍ አይፈልጉም። በዚህስ ልክ ናቸው፤ ያ ወረቀት መጥፎ እጅ ቢገባ ከፊርማው በላይ የፈለገውን ይጽፍበታል።

የእትዬ ደብዳቤዎች የተጻፉት በኒያላ ፎንት ነው። ኒያላ ከሰባት በፊት ከነበረው ከቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር፤ ሰባትም ላይ አለ። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን ተጨማሪ ከሚባሉት ውስጥ ገባ። ካልጫኑት የለም። በሌለበት አማርኛውን የሚያሳየው ኤብሪማ የሚባል ሌላ ፎንት ነው፤ እሱ ደግሞ ሰፋ ያለ ፊደል ነው። በአንድ መስመር ሁለት ሦስት ፊደል ሲገፋ ገጹ መጨረሻ ላይ ፊርማውን ወደ ታች ይጥለዋል። የሚያሳስተው ዎርድ ነው፤ ፎንቱ ባይኖርም ከላይ ባለው ሳጥን ውስጥ «ኒያላ» ብሎ መጻፉን አይተውም። ስለዚህ እትዬ አይተውት ደህና መስሏቸዋል። እውነቱ የሚገኘው በዎርድ ኦፕሽን ውስጥ፣ አድቫንስድ ከሚለው ስር፣ የጎደሉ ፎንቶችና ምትካቸው የሚዘረዘሩበት ቦታ ነው። ከፈትነው፤ ኒያላ የጎደለ ተብሎ ተጽፏል።

መድኃኒቱ አጭር ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ፤ እዚያ የኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ፎንቶች የሚል አለ። የቢሮው ኢንተርኔት እንደ ልማዱ ስለተኛ በስልኬ ሆትስፖት አወረድነው። ደብዳቤውን ዘግተን ከፈትነው፤ ፊርማው ወደ አንደኛው ገጽ ወጣ። እትዬ ወረቀቱን ከፕሪንተሩ ላይ እንዳነሡ «ታዲያ ይሄን ከጧቱ አታደርጉትም ነበር?» አሉ። ልጁ እኔን አየ፤ እኔ ፕሪንተሩን አየሁ።

በዚህ አላበቃም። እትዬ በቪዥዋል ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ የጻፏቸው የቆዩ ፋይሎች አሏቸው። እነዚህ ዩኒኮድ፣ ማለትም በየትኛውም ኮምፒውተር የሚነበበው የጋራ የፊደል አጻጻፍ፣ አይደሉም። ፎንቱ ከሌለ የሚታየው የላቲን ፊደልና የቃለ አጋኖ ዝብርቅርቅ ነው። እዚያ ላይ «አማርኛ አያውቅም» ያሉት እውነታቸውን ነው። ፎንቶቹን ከአሮጌው ዴስክቶፕ ቀድተን ስንጭናቸው ፋይሎቹ ተነበቡ። ዛሬም የሚያስፈልጉትን ቅጾች እትዬ ፓወር ግዕዝ በሚባለው መጻፊያ፣ በዩኒኮድ እንደገና ጻፏቸው። የቀሩት ለመዝገብ ያህል ፒዲኤፍ ሆነው ተቀመጡ። ከሁሉም ጊዜ የወሰደው ይህ ነው፤ ግን የእትዬ እጅ ሲጽፍ ማየት ራሱ ደስ ይላል።

ይህ ከተወራ በኋላ ፋይናንስ ክፍልም መጣ። እነሱም ሰባትን ይፈልጋሉ። አሁን ልጁ ፍላሽ አላወጣም፤ «ምን አልታተም አላችሁ?» ብሎ ሄዶ አየ። ቼክ የሚያትሙበት የቆየ ዶት ማትሪክስ ፕሪንተር አላቸው። ያላቸው ድራይቨር ለ32 ቢት ዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በ64 ቢት ብቻ ነው የሚወጣው። ይህንን ፎንት አይፈታውም። ስለዚህ አሮጌውን ኮምፒውተር ከነሰባቱ ተውንላቸው። የኔትወርክ ገመዱን ነቀልን፣ ፍላሽ እንዳይቀበል ዘጋነው። ቼክ ከማተም ሌላ ሥራ የለውም፤ የቀረውን ሁሉ በአዲሱ ይሠራሉ። አዲስ ፕሪንተር እስኪገዛ ድረስ ነው ተብሏል። የክፍሉ ኃላፊ ግን ገመዱ መነቀሉን አልወደደችውም። ኮሪደር ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «መቼ ነው የምትመልስልኝ?» ትለኛለች።