«ፈቃዱ ነው» ከማለቴ በፊት መጠየቅ ነበረብኝ

በቤተ ክርስቲያን ለዓመታት መጽሐፍ ቅዱስ አስተምሬያለሁ። ወደ አገልግሎቱ የገባሁት እንደማንኛውም ሰው ነው፤ ተማርኩ፣ ረዳት ሆንኩ፣ ከዚያም ተረኛ መምህር። ያላማረው አወጣጤ ነው።

አንድ ቀን ትምህርቴን አዘጋጅቼ ስመጣ በተለጠፈው የተረኞች ዝርዝር ላይ ስሜ ከመምህራኑ ተነሥቶ ወንበር ከሚደረድሩት ጋር ተጽፎ አገኘሁት። አስቀድሞ የነገረኝ የለም። ደብተሬን በብብቴ እንደያዝኩ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ኃላፊው በአጠገቤ ሲያልፍ «አገልግሎት ሁሉ እኩል ነው» ብሎኝ ሄደ። እኩል መሆኑንማ አምናለሁ። ግን ቆም ብሎ ፊት ለፊት ሊነግረኝ አይገባም ነበር? ዛሬም ሳስበው ይከነክነኛል።

የእኔ ጥፋት ግን ይብሳል። ለጠየቀኝ ሁሉ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» እያልኩ ስድስት ወር ሙሉ አኮረፍኩ። ወንበር እየደረደርኩ የአዲሱን መምህር ስሕተት እለቅም ነበር። ያንን ትዕግሥት ብዬ ጠራሁት።

በዚያው ሰሞን አንዲት አረጋዊት እናት ሲገቡ የጫማቸው ማሰሪያ ተፈትቶ አየሁ። ተንበርክኬ አሰርኩላቸው፤ እንዳይወድቁ ትከሻዬን ተደግፈው ነበር። እጃቸው ገና ከትከሻዬ ሳይነሣ ቀና ብዬ ያየኝ ሰው ይኖር እንደሆነ ዙሪያዬን ቃኘሁ። በራሴ ደነገጥኩ። ሉቃስ እንደጻፈው ደቀ መዛሙርቱ ማን እንደሚበልጥ የተከራከሩት በመጨረሻው ራት ማዕድ ላይ ነው። ዮሐንስ ደግሞ ጌታ በዚያው ራት እግራቸውን እንዳጠበ ይነግረናል፤ አሳልፎ የሚሰጠውም እዚያው ነበረ። ይህን ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ!

በሳምንቱ ኃላፊውን ብቻውን አግኝቼ ጠየቅሁት። «ቅር እንዳይልህ ብለን ነው ያልነገርንህ» አለኝ። ማዘኔን ነገርኩት፤ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እኔም ስለ ኩርፊያዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ስለዚህ «ዝም ብለህ አገልግል፣ እግዚአብሔር ያያል» የሚለውን ምክር ለማንም አልሰጥም። ማቴዎስ 18፥15 የበደለህን ወንድም ሄደህ ብቻውን አነጋግረው ይላል። ዮሴፍም በእስር ቤት ዝም አላለም፤ የጠጅ አሳላፊዎቹን አለቃ «በፈርዖን ፊት አስበኝ» ብሎ ለምኖታል። ሰውየው ረሳው፤ ሁለት ዓመት አለፈ። ታሪኩ ሲጀምር የ17 ዓመት ልጅ ነበር፣ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ሞልቶት ነበር። የሸጡትን ወንድሞቹንም «ክፉ አላሰባችሁም» አላላቸውም፤ እግዚአብሔር ግን ለመልካም እንዳሰበው ነገራቸው። የሰውን ስሕተት የእግዚአብሔር ዕቅድ ነው ብሎ መሸፈንን መታመን አልለውም። ደግሞ እግዚአብሔር ለሕዝቡ የሚያስበው የሰላም አሳብ ነው የሚለውን ኤርምያስ 29፥11ን ለሰው ከመጥቀሳችሁ በፊት ቁጥር 10ን አንብቡለት፤ ያ ተስፋ ለባቢሎን ምርኮኞች የተላከው 70 ዓመት እስኪፈጸም ትጠብቃላችሁ ከሚል ቃል ጋር ነው።

ኋላ ማስተማሩ ሲመለስልኝ ወንበሩን አልተውኩም፤ ሰው ሳይመጣ ቀድሜ ገብቼ እደረድራለሁ። የተረኞቹንም ዝርዝር አሁን የማወጣው እኔ ነኝ። የማንንም ስም ከቦታው ከማንሣቴ በፊት ባለቤቱን በአካል አግኝቼ እነግረዋለሁ፤ ቅር ቢለውም እዚያው ተቀምጬ እሰማዋለሁ።