ፖርቶ ኤስኮንዲዶ፣ ሜክሲኮ፣ ከክፍል በኋላ

ዛሬ ከስፓኒሽ ክፍል እንደወጣሁ ወደ ሲካቴላ ባሕር ዳርቻ ሄድኩ። ለመዋኘት አይደለም፣ ለማየት ነው። "የሜክሲኮ ፓይፕላይን" የሚሉት ማዕበል እዚህ ነው። ውሃው እንደ ግድግዳ ይቆምና ውስጡ ባዶ እንደሆነ አሸዋው አጠገብ ይደረመሳል። ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። የኔ ቢጤ የሰርፍ (በሰሌዳ ማዕበል ላይ መንሸራተት) ጀማሪ ቦታው ካሪሳሊዮ ነው፣ በረጅም ደረጃ የሚወረድባት ጸጥ ያለች ባሕር ዳርቻ።

ስመለስ ራበኝ። መንገድ ዳር ትላዩዳ የሚጠብሱ አንዲት እናት አሉ። ሰፊ የበቆሎ ቂጣ ላይ የተፈጨ ጥቁር አደንጓሬ ይቀቡና የኦሃካ (የዚህ ግዛት) አይብ በትነው ከሰል ላይ ያደርጉታል። ጠርዙ ሲያር ነው የሚጣፍጠው። ስፓኒሹን ከክፍል ይልቅ እሳቸው ጋ ነው የምማረው። ስሳሳት አያቋርጡኝም። ያልኩትን አስተካክለው ይደግሙታል፣ ወሬው ይቀጥላል።

እውነት ለመናገር አማርኛ ጠቅሞኛል። "ኝ" ላይ ፈረንጆቹ ሲታገሉ እኔ ዘና ብዬ ነው። የጠበቀው "ር"ም አይከብደኝም፣ "መረረ" እያልን ነው ያደግነው። ሳብጀንክቲቭ የሚሉትን፣ ምኞትና ጥርጣሬ የሚነገርበትን የግስ እርባታ ግን ተዉት፣ አታንሱብኝ።

ዛሬ አገሬን ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ወሬው ቡና ሆነ። እዚህም ተራራው ላይ፣ ፕሉማ ኢዳልጎ፣ ቡና ይበቅላል። ስለ ቡናችን ልነግራቸው ጀመርኩ። ቶና ላይ ስደርስ ግስ አለቀብኝ፣ የቀረውን በእጄ ጨረስኩት። አንድ ቀን አፈላልዎታለሁ ብያለሁ። ለእጣኑ ገበያ ላይ ኮፓል የሚሉት የሚጨስ ሙጫ አለ። ጀበናው ነው የቸገረኝ።