ወታደር «ቀረ» አይባልም

ግንቦት 8 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ የውጭ ዜና ተርጓሚ ነበርኩ። የምሽቱ 2 ሰዓት ዜና ሊነበብ ትንሽ ሲቀረው ከለንደን ወሬ ገባ። ልዑል ሃሪ ከጓዶቹ ጋር ኢራቅ አይዘምትም። ውሳኔውን የተናገሩት የምድር ጦሩ አዛዥ ጄኔራል ሪቻርድ ዳናት ናቸው።

አዘጋጁ «አራት መስመር፣ ቶሎ!» አለኝ። «ልዑል ሃሪ ኢራቅ ከመዝመት ቀረ» ብዬ ጀመርኩ። ዛቻ እንዳለበት ጨመርኩ። ቦታ ሲጠበኝ አንዲት ሐረግ ቆረጥኩ። ጄኔራሉ አደጋው ለእሱ ብቻ ሳይሆን አብረውት ላሉትም ነው ያሉባትን።

ወደ ቤት ስወጣ ዘበኛችን ከበሩ ላይ ጠሩኝ። የድሮ ወታደር ናቸው፤ ሃምሳ አለቃ ነው የምንላቸው። ትንሿ ሬዲዮ ከጆሯቸው አትለይም።

«የንግሥቲቱን የልጅ ልጅ ዜና የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ሃምሳ አለቃ።»

«ወታደር ቀረ አይባልም፣ ልጄ። ቀረ ካልክ ፈራ ማለትህ ነው። አስቀሩት በል።»

ልክ ነበሩ። ልጁ ከዚያ በፊት፣ ወታደሮቼ እየተዋጉ እኔ አገር ቤት ልቀመጥ አልሰለጠንኩም የሚል ነገር ተናግሮ ነበር። እኔ ግን በአንድ ግስ ፈሪ አደረግኩት።

«ስንት ሰው ያዛል?» አሉኝ ቀጥለው።

«አሥራ ሁለት ያህል። የቅኝት ብረት ለበስ ላይ ናቸው።»

«ስለነሱስ ምን ጻፍክ?»

ዝም አልኩ። የቆረጥኳት ሐረግ እነሱ ነበሩ።

ሃምሳ አለቃ በርጩማ ሳቡልኝ። ግንባር ላይ ለአዛዥ ሰላምታ አይሰጥም አሉኝ። እጅህን ካነሳህ ለአነጣጣሪ ተኳሽ እየጠቆምክለት ነው። መኮንኑም ማዕረጉን ከትከሻው ያወርዳል። «የንጉሥ ዘር ግን ፊቱን የት ያወርደዋል? ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ለእሱ የተተኮሰ ጥይት ደግሞ አጠገቡ ያለውን የድሃ ልጅ ይመታል።» ከዚያ መተማን አነሱ። በ1881 ድሉ ወደ እጅ እየገባ ሳለ ዐፄ ዮሐንስ ተመቱ፤ ወሬው እንደተሰማ ሠራዊቱ ተበተነ።

ንጉሥ ከፊት ይቀድማል እየተባልን ያደግን ነን። ዓድዋ ላይ ምኒልክ፣ ማይጨው ላይ ኃይለ ሥላሴ ከጦሩ ጋር ነበሩ። እኔም ልዑል ዩኒፎርም ከለበሰ ይዝመት ባይ ነኝ፤ የሌላው ልጅ እየሞተ እሱ ለሰልፍ ብቻ መልበሱ ነውር ነው። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ግን የት ይመደብ የሚለውንም እጠይቃለሁ። አጎቱ ልዑል አንድሩ በ1974 ፎክላንድ ላይ በሄሊኮፕተር አብራሪነት ተዋግቷል። ባሕር ላይ የሚበርን ሰው ፊት ማንም አያየውም። ኢራቅ ውስጥ በየመንደሩ የሚዞር ቃኚ ግን ሌላ ነው። የዳናት ውሳኔ ትክክል ነበር።

በማግስቱ ለአዘጋጁ ነገርኩት። የጠዋቱ ዜና ላይ «እንዲቀር ተወሰነ» ብለን፣ ያቺን ሐረግ መልሰን በድጋሚ አነበብነው።

የካቲት 20 ቀን 2000 ሌላ ወሬ መጣ። ሃሪ ከታኅሣሥ ጀምሮ አፍጋኒስታን፣ ሄልማንድ ነበር ለካ። የእንግሊዝ ጋዜጠኞች ከጦሩ ጋር ተስማምተው አፋቸውን ይዘው ቆይተዋል። ሥራው ከምድር ሆኖ በሬዲዮ የጦር አውሮፕላኖችን መምራት ነበር። ፓይለቶቹ የሚያውቁት ድምፁንና የሬዲዮ መጠሪያውን ብቻ ነው። ምስጢሩ ውጭ አገር ሲወጣ በአሥር ሳምንቱ አወጡት።

ከቀናት በኋላ የመመለሱን ዜና ስጽፍ «አስወጡት» አልኩ። እንደተመለሰ የተናገረውንም አልቆረጥኩም። በመጣበት አውሮፕላን ራሳቸውን የሳቱ ሁለት ቁስለኛ ወታደሮች ነበሩ። አንደኛው እጅና እግሩን አጥቷል። ጀግኖቹ እነሱ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም አለ።

ያን ምሽት በሩ ላይ ስደርስ ሃምሳ አለቃ ዜናውን ሰምተው ጨርሰዋል።

«የቁስለኞቹን ስም ግን አላነበባችሁም» አሉኝ።

«የመጣልን ዜና ላይ የለም፣ ሃምሳ አለቃ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና በሩን ከፈቱልኝ።